በአዲስ ሀገር የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ሥራን መጀመር፦ ከባለሙያው ጋር የሚሻገረውና እንደ አዲስ የሚማረው

ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በዲቪ ዕጣ፣ በቤተሰብ ጥሪ፣ በስደትና በልዩ ልዩ ምክንያት ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በሒሳብ አያያዝ ሙያ የሠለጠኑ በርካቶች ናቸው። ብዙዎቹ እንደ ደረሱ በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ፣ በሆቴልና በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ተሰማርተው ኑሯቸውን ይመሠርታሉ። ሥራው ክቡር ነው፤ ቤተሰብም ያስተዳድራል። ሆኖም ዓመታት በተቈጠሩ መጠን በብዙ ድካም የተገኘው ሙያ ይደበዝዛል። በአንጻሩ ደግሞ በዚያው ከተማ የሚኖሩ የታክሲ ነጂዎች፣ የምግብ ቤት ባለቤቶችና የጭነት መኪና ባለንብረቶች ሒሳባቸውን በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳቸው ባለሙያ በማጣት ለማይገባ ግብርና ለቅጣት ሲዳረጉ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክፍተት በሙያቸው ለመሙላት ለሚያስቡ ወገኖች፣ እንዲሁም ለጉዞ በዝግጅት ላይ ላሉና ለሚመክሯቸው ቤተሰቦች መንገዱን በአጭሩ ማመልከት ነው። ሕግ ከሀገር ሀገር ስለሚለያይ ማብራሪያው በአሜሪካ ላይ ያተኵራል። ፍሬ ነገሩ ግን በየትኛውም ሀገር አንድ ነው፦ ሙያው ከሰው ጋር ድንበር ይሻገራል፤ ሕጉ ግን አይሻገርም። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ባለሙያ ይጸናል፤ ያልለየ ግን ራሱንም ደንበኛውንም ይጎዳል።

ድንበር የሚሻገረው ዕውቀት

ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ሉካ ፓቺዮሊ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ የከተማይቱ ነጋዴዎች ይጠቀሙበት የነበረውን የሁለትዮሽ ምዝገባ ሥርዓት ጽፎ አስረድቷል። ያ ሥርዓት ዛሬም በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ያው ነው። እያንዳንዱ ክንውን በዴቢትና በክሬዲት እኩል ይመዘገባል፤ ሀብት ከዕዳና ከባለቤቱ ካፒታል ድምር ጋር እኩል ይሆናል፤ የባንክ መግለጫ ከመዝገብ ጋር በየወሩ ይታረቃል። በሀገር ቤት ይህን ሥራ በሚገባ የሠራ ሰው አሜሪካ ሲደርስ ከባዶ አይጀምርም። የኮምፒዩተር መርሐ ግብሩ ስም ቢለወጥ እንኳ ከበስተኋላው ያለው አሠራር ያው ነው።

እንደ አዲስ የሚማረው

የመጀመሪያው ልዩነት የበጀት ዓመቱ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ በአሜሪካ የግለሰቦችና የአብዛኞቹ ጥቃቅን ንግዶች የግብር ዓመት ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው።

ሁለተኛው የሽያጭ ግብር ነው። በኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ በ15 በመቶ ይሰበሰባል። በአሜሪካ ግን የተጨማሪ እሴት ታክስ የለም። በምትኩ 45 ክፍላተ ግዛት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሽያጭ ግብር አላቸው፤ በብዙ ቦታም ከተሞችና አውራጃዎች በላዩ ይጨምሩበታል። በመሆኑም በአንድ ክፍለ ግዛት የተማሩት መጣኝ ወንዝ ተሻግሮ በሚገኘው አጎራባች ግዛት ላይሠራ ይችላል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ልዩነት የማስረጃ ሸክም ነው። በሀገራችን የአነስተኛ ነጋዴዎች ግብር ለረጅም ዘመን በቀን ገቢ ግምት ሲወሰን ቆይቷል። ነጋዴው የሚከራከረው ግምቱ በዛ ወይም አነሰ በሚለው ላይ ነበር፤ ደረሰኝ የማስቀመጥ ልማድም በዚያው መጠን ደካማ ሆነ። በአሜሪካ ግን ገማች አይመጣም። ግብር ከፋዩ ገቢውንና ወጪውን ራሱ ያሳውቃል፤ ወጪ ብሎ የቀነሰውን ሁሉ በማስረጃ የማረጋገጥ ግዴታም የእርሱ ነው። የመዝገብ ያዥ አገልግሎት አስፈላጊነት ከዚህ ይመነጫል፤ ለአዲስ መጤው ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ሊብራራለት የሚገባውም ይኸው ነው።

ፈቃድ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

በአሜሪካ የሒሳብ መዝገብ ለመያዝ በአጠቃላይ የሙያ ፈቃድ አያስፈልግም። የዕለት ክንውንን መመዝገብ፣ ባንክ ማስታረቅና ወርኃዊ መግለጫ ማዘጋጀት ለማንኛውም ብቃት ላለው ሰው ክፍት ነው። በአካባቢው አስተዳደር የንግድ ምዝገባ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን መፈጸም አለበት።

የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ፣ በአሜሪካኖቹ አጠራር ሲፒኤ፣ የሚለው ማዕረግ ግን በየክፍለ ግዛቱ ቦርድ የሚሰጥ ነው። ፈተናውንና የልምድ መስፈርቱን ሳያሟላ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በሕግ ይጠየቃል። በሀገር ቤት የተገኘ ዲግሪ፣ የኦዲተርነት ልምድም ጭምር፣ ይህን ማዕረግ በቀጥታ አያስገኝም።

በሁለቱ መካከል የግብር ማስታወቂያ አዘጋጅነት አለ። ለሌላ ሰው የፌዴራል ግብር ማስታወቂያ በክፍያ የሚያዘጋጅ ማንኛውም ሰው ከፌዴራል የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ከአይአርኤስ፣ የአዘጋጅ መለያ ቁጥር አውጥቶ በየዓመቱ ማደስና ባዘጋጀው ማስታወቂያ ላይ መፈረም ይኖርበታል። ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ግዛቶች መካከል ሜሪላንድና ካሊፎርኒያ ከዚህ በላይ የራሳቸውን ምዝገባ ይጠይቃሉ። ከዚህ ከፍ ያለውን ደረጃ የሚሻ ሰው አይአርኤስ የሚሰጠውን ባለ ሦስት ክፍል ፈተና በማለፍ በመሥሪያ ቤቱ ፊት ግብር ከፋዮችን ለመወከል የሚያስችል ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ ለዚህም የአሜሪካ ዜግነት ግዴታ አይደለም።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚሉት በዚህ ሥራ ላይ በቀጥታ ይሠራል። በመዝገብ ያዥነት ጀምሮ፣ ቀጥሎ ግብር አዘጋጅነትን፣ ኋላም ከፍተኛውን ፈቃድ መያዝ የተለመደና የተከበረ መንገድ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የመኖሪያ ፈቃዱ ዓይነት መታየት አለበት። የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያላቸውና በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎች በግላቸው መሥራት ይችላሉ። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው ግን አይችልም። ለተማሪም ጥብቅ ገደብ አለው። በጥርጣሬ ውስጥ ያለ ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይገባዋል።

የመነሻ ዝግጅት

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሀገር ቤት ነው። ተጓዡ የትምህርት ውጤቱን ዩኒቨርሲቲው ባሸገው ፖስታ መያዝ፣ ከቀድሞ አሠሪዎቹ የሥራ ልምድ ማስረጃ መቀበልና የሠንጠረዥ ስሌት የኮምፒዩተር ችሎታውን ማዳበር ይጠቅመዋል። ከሄዱ በኋላ እነዚህን ሰነዶች ከሩቅ ማስላክ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ከደረሱ በኋላ የአሜሪካን የግብር ሥርዓት ያለ ክፍያ ለመማር ጥሩ በር አለ። አይአርኤስ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ማስታወቂያቸውን በነጻ የሚያዘጋጅላቸው ቪታ የተባለ የበጎ ፈቃድ መርሐ ግብር አለው። በጎ ፈቃደኞች ሥልጠናውን በነጻ ወስደውና ፈተናውን አልፈው ያገለግላሉ። በአንድ የግብር ወቅት በዚያ ያገለገለ ሰው የብዙ ቤተሰቦችን እውነተኛ ጉዳይ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ያያል። የማኅበረሰብ ኮሌጆችም በዝቅተኛ ክፍያ የሒሳብና የደመወዝ አከፋፈል ኮርሶችን ይሰጣሉ። ለመነሻ ገንዘብና ለንግድ ምክር ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና መቀመጫው በአርሊንግተን ቨርጂኒያ የሆነው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት በአነስተኛ ንግድ ብድር ሥራው ይታወቃል።

ሥራውን በሕግ ማቋቋም

አንድ ሰው በግል ነጋዴነት፣ ወይም ኤልኤልሲ በሚባለው ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ሥራውን መጀመር ይችላል። የኋለኛው የግል ንብረትን ከንግዱ ዕዳ ለመለየት ይረዳል። ነገር ግን ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ የተለየ ምርጫ ካልተደረገ በቀር፣ የፌዴራል ገቢ ግብሩን አይለውጠውም። የአሠሪ መለያ ቁጥር ከአይአርኤስ ያለ ምንም ክፍያ ይገኛል። ለንግዱ የተለየ የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ የሙያ ስሕተት ኢንሹራንስ መግባትና ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር አገልግሎቱን፣ ወሰኑንና ክፍያውን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል መፈራረም አስፈላጊ ነው። ውሉ በተለይ ለዘመድና ለወዳጅ ያስፈልጋል፤ ወዳጅነት ብዙ ጊዜ የሚሻክረው ያልተጻፈ ነገር ሁለት ትርጉም ሲይዝ ነውና።

በራሱ የሚሠራ ሰው ከገቢ ግብር ሌላ 15.3 በመቶ የግል ሠራተኛ ግብር ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ 12.4 በመቶው ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ፣ 2.9 በመቶው ለሜዲኬር የጤና መድን ነው። ተቀጣሪ ግማሹን ብቻ ስለሚከፍልና ያንንም አሠሪው ስለሚቀንስለት፣ ወደ ግል ሥራ የሚገባ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በዚህ ይደነግጣል። ክፍያውም በዓመት አራት ጊዜ፣ ማለትም ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና በተከታዩ ዓመት ጃንዋሪ 15 በግምት ይፈጸማል። መዝገብ ያዡ ይህን ደንብ በራሱ ሒሳብ ላይ ካላከበረ ለሌላው ሊያስተምረው አይችልም።

ደንበኞችና ሒሳባቸው

የአዲስ ባለሙያ የመጀመሪያ ደንበኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ከእነዚህም ታክሲና በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ መኪና የሚያሽከረክሩት ብዙ ናቸው። የአንዱን ሒሳብ ለምሳሌ እንውሰድ።

አሽከርካሪው በ2025 እ.ኤ.አ. ከተሳፋሪዎች የተሰበሰበው ጠቅላላ ገንዘብ 60,000 ዶላር ነው እንበል። ድርጅቱ ለራሱ 14,000 ዶላር ቀንሷል። ሆኖም ለመንግሥት የሚላከው መግለጫ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ጠቅላላውን 60,000 ነው፤ ቅናሹን በወጪነት ማስመዝገብ የነጋዴው ድርሻ ነው። ስልክና የመንገድ ቀረጥ 1,000 ዶላር ወጥቶበታል። ለሥራ የነዳው መንገድ 25,000 ማይል ሲሆን፣ የዓመቱ መደበኛ መጣኝ በማይል 70 ሳንቲም ስለ ነበር 17,500 ዶላር ያስቀንስለታል። ይህን መጣኝ የመረጠ ሰው ነዳጅን፣ ጥገናንና የመኪና ኢንሹራንስን ለብቻ መቀነስ አይችልም። የተጣራ ትርፉ 27,500 ዶላር ይሆናል።

ይህ አሽከርካሪ ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ ምክንያቱንና ማይሉን የመዘገበበት የጉዞ መዝገብ ከሌለው ግን 17,500 ዶላሩ በምርመራ ጊዜ ሊሰረዝበት ይችላል። ያን ጊዜ ትርፉ 45,000 ዶላር ይሆናል። የግል ሠራተኛ ግብር የሚሰላው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ ግብር ብቻ ያለው ልዩነት ወደ 2,473 ዶላር ይደርሳል። የገቢ ግብሩ ልዩነትና ቅጣቱ ከዚህ በላይ ነው። በየዕለቱ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ምዝገባ የሚያድነው ይህን ያህል ነው። መዝገብ ያዡ ይህን ስሌት በአማርኛ አስቀምጦ ቢያሳይ ከብዙ ምክር ይልቅ ይሠራል።

በተቃራኒው ግብር ለመሸሽ ገቢያቸውን የሚያሳንሱ አሉ። እነዚህም ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት በጠቅላላው 40 የሥራ ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ከአራት አይበልጥም። በ2025 እ.ኤ.አ. አንድ ነጥብ የሚገኘው በ1,810 ዶላር የተመዘገበ ገቢ ነበር። በአርባና በሃምሳ ዓመቱ ሀገር ለለወጠ ሰው እያንዳንዱ ዓመት ውድ ነው። ዛሬ የተደበቀ ገቢ በእርጅና ዘመን የጎደለ ጡረታ ሆኖ ይመለሳል።

የምግብ ቤት ሒሳብ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ከደንበኛ የተሰበሰበ የሽያጭ ግብርና ከሠራተኛ ደመወዝ የተቀነሰ ግብር የባለቤቱ ገንዘብ አይደለም፤ ለመንግሥት እስኪገባ ድረስ በአደራ የተያዘ ነው። ሥራ በቀዘቀዘበት ወር በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይ የሚከፍል ነጋዴ ትልቅ አደጋ ውስጥ ይገባል። ከደመወዝ የተቀነሰውን ሳያስገባ ቢቀር፣ ድርጅቱ ኤልኤልሲ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ የነበሩ ሰዎች በግላቸው ያልገባውን ያህል ሙሉ በሙሉ ሊጠየቁ ይችላሉ። ቼክ የመፈረም ሥልጣን ያለው መዝገብ ያዥም ከዚህ ተጠያቂነት ነጻ ላይሆን ስለሚችል የፊርማ ሥልጣንን አለመቀበል ይመረጣል።

ዕቁብና ወደ ሀገር ቤት የሚላክ ገንዘብ

ከማኅበረሰባችን ውጭ ያለ ባለሙያ በቀላሉ የማይረዳቸው ሒሳቦች አሉ። ቀዳሚው ዕቁብ ነው። ሃያ አባላት በየወሩ 1,000 ዶላር የሚጥሉበት ዕቁብ አለ እንበል። አንድ ነጋዴ በአምስተኛው ወር ዕጣ ወጥቶለት 20,000 ዶላር ተቀበለ። ይህ ገቢ አይደለም። 5,000 ዶላሩ እስከዚያ ወር ድረስ የጣለው የራሱ ቁጠባ ሲሆን፣ 15,000 ዶላሩ በቀሪዎቹ ወራት የሚከፍለው ዕዳ ነው። የሚጥለውም ገንዘብ የንግድ ወጪ አይደለም። መዝገብ ያዡ የአባላቱን ዝርዝርና የክፍያውን ቀን የያዘ የዕቁብ መዝገብ ቅጂ ካላስቀመጠ፣ መርማሪ በባንክ መግለጫው ላይ የሚያየው ምንጩ ያልታወቀ የ20,000 ዶላር ገቢ ብቻ ነው።

ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ባንክ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ያሳውቃል። ይህ ክስ ሳይሆን የተለመደ አሠራር ነው። ማሳወቂያውን ፈርቶ ገንዘቡን ከፋፍሎ ማስገባት ግን፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ይህን ባለማወቅ ብቻ ሰው እንዳይጎዳ አስቀድሞ መንገር የባለሙያው ግዴታ ነው።

ለወላጆችና ለወንድም እኅት የሚላክ ገንዘብም ከንግዱ ሒሳብ በቀጥታ ሲላክ እንደ ወጪ የሚመዘገብበት ጊዜ አለ። ትክክለኛው አመዘጋገብ ባለቤቱ ለግሉ ያወጣው ገንዘብ ማድረግ ነው። ቅዱስ የሆነው የመርዳት ልማድ ይቀጥል፤ ከንግዱ ወጪ ጋር ግን አይቀላቀል።

የአጥቢያ ሒሳብ

በውጭ ሀገር ያሉ አጥቢያዎችም የዚህ ሙያ አገልግሎት ያስፈልጋቸዋል። በአሜሪካ ሕግ አብያተ ክርስቲያናት መስፈርቱን እስካሟሉ ድረስ ከገቢ ግብር ነጻ ናቸው፤ ሌሎች የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያቀርቡትን ዓመታዊ መግለጫም እንዲያቀርቡ አይገደዱም። ይህ ማለት ግን መዝገብ አያስፈልጋቸውም ማለት አይደለም። ለሠራተኞቻቸው የደመወዝ ግብር ሕግን ይጠብቃሉ፤ የካህናት ክፍያም የራሱ ልዩ ደንብ አለው። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ምእመን ስጦታውን ከግብር ለማስቀነስ ከቤተ ክርስቲያኑ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። በሰበካ ጉባኤ የሚያገለግል ባለሙያ ሊጠብቀው የሚገባው መሠረታዊ ደንብ ገንዘብ የሚቈጥረው፣ የሚመዘግበውና ቼክ የሚፈርመው የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ ነው። ይህ ሥርዓት ሰውን ከመጠርጠር የመጣ ሳይሆን አገልጋዩን ከሐሜት የሚጠብቅ ነው።

የሙያው ዋና ካፒታል

ይህ ሥራ ኮምፒዩተርና ጠረጴዛ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ዋና ካፒታሉ መታመን ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ማኅበረሰብ የአንዱን ገቢ ለሌላው ማንሣት ደንበኛን ብቻ ሳይሆን ስምን ያሳጣል። ግብር አዘጋጅ የደንበኛውን የግብር መረጃ ያለ ፈቃድ ቢያወጣ ደግሞ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል።

ሌላው ፈተና «ተመላሹን አብዛልኝ» የሚል ጥያቄ ነው። ያልወጣ ወጪ የሚጽፍ፣ አብሮ የማይኖርን ልጅ የሚያስመዘግብ አዘጋጅ ለአንድ ዓመት ደንበኛ ያበዛ ይሆናል። ምርመራ ሲመጣ ግን ገንዘቡን ከነወለዱ የሚመልሰው ደንበኛው ነው፤ አዘጋጁም ይቀጣል። አይአርኤስ ክፍያቸውን በተመላሹ መቶኛ ከሚያሰሉና በሠሩት ላይ ከማይፈርሙ አዘጋጆች ሕዝቡ እንዲርቅ ይመክራል። ክፍያን በሥራው መጠን ወስኖ አስቀድሞ ማሳወቅ ከዚህ ፈተና ያርቃል።

ከአቅም በላይ የሆነውን ጉዳይ ወደ ጠበቃ ወይም ወደ ተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ መምራትም ደንበኛን እንደ ማጣት ሊቈጠር አይገባም። ወሰኑን የሚናገር ባለሙያ በሌላው ቃሉ ይታመናል።

ሥራው በአንድ ጊዜ አይሞላም። ብዙዎች የቀን ሥራቸውን ሳይለቁ በሁለትና በሦስት ደንበኛ ይጀምራሉ፤ አንዱ ደንበኛ ሌላውን እየጠራ ከግብር ወቅት ወደ ግብር ወቅት ያድጋሉ። በመንገድ ላይ ያሉትም ሆኑ የሚከተሏቸው ወገኖች የትምህርት ማስረጃቸውን አደራጅተው፣ ሕጉን ተምረውና ወሰናቸውን ጠብቀው ቢነሡ፣ በሀገር ቤት የተማሩት ሙያ በሰው ሀገር ለራሳቸው እንጀራ፣ ለወገናቸውም ከቅጣት መዳኛ ይሆናል።